ሃያዎቹ ልጆች የት አሉ?

[መግቢያ ዜማ። የማሲንቆ ድምፅ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል]

ከዞብል ግርጌ እስከ ሮቢት፣ ከጎብዬ እስከ ቆቦ ከተማ ያላችሁ፤ ማሳ ላይ ሆናችሁ፣ ከብት እየጠበቃችሁ፣ ወይም ጀበናውን ጥዳችሁ ሬዲዮኑን ከረከቦቱ አጠገብ ያስቀመጣችሁ ሁሉ፣ ሳምንታዊው የጤና ትምህርታችን ይኸው ጀምሯል።

የዛሬው ወጋችን ስለ ደም ነው። አንዴ መፍሰስ ከጀመረ አልቆም ስለሚል ደም።

በጥያቄ ልጀምር፤ መልሱን ለራሳችሁ ያዙት። በሰፈራችሁ ወይም በዘመዶቻችሁ መካከል፣ ተገርዞ ደሙ አልቆም ብሎ ያረፈ ሕፃን ታውቃላችሁ? ሳይወድቅ ሳይመታ ጉልበቱ እያበጠ፣ እያነከሰ ያደገ ወንድ ልጅስ? ወንድሞቿ በልጅነታቸው ደም እየፈሰሳቸው ያለቁባት ሴትስ?

[አጭር ዝምታ]

የምታውቁ አላችሁ። ስሙ ሄሞፊሊያ ይባላል፤ በዘር የሚተላለፍ ደም ያለመርጋት ችግር ነው። እርግማን አይደለም። ቡዳም አይደለም። የእናት ጥፋትም አይደለም፤ ይህን የመጨረሻውን ዛሬ ደጋግሜ ብናገረው ትታዘቡኝ ይሆናል፤ ይሁን።

[ዜማ፣ 5 ሰከንድ]

ለራያ ሰው ስለ ጎርፍ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ ቢሆንም ከዚያ ካልጀመርኩ ነገሬ አይገባም። ክረምት ላይ ደጋው ሲዘንብ ጎርፉ ወደ ቆላ ይወርዳል። ገበሬው ጠልፎ ወደ ማሳው ሊያስገባው መጀመሪያ ድንጋይ ይደረድራል። ድንጋይ ብቻውን ግን አይዝለትም፤ ውሃው በመሃሉ ይሾልካል፣ ሲበረታም ድንጋዩን እያንከባለለ ይወስደዋል። ስለዚህ ቅርንጫፍ ይጎነጉንበታል፣ ጭቃ ይመርግበታል። ያኔ ይይዛል።

ሰውነታችንም ቁስል ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቆዳ ሲቆረጥ ፕሌትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ፈጥነው ደርሰው ይደረደራሉ። እነሱ ድንጋዮቹ ናቸው። ቀጥሎ ፋይብሪን የሚባል፣ እንደ ክር ያለ ነገር ተጠላልፎ ያስራቸዋል። እሱ ቅርንጫፉና ጭቃው ነው።

ሄሞፊሊያ ያለበት ልጅ ድንጋዩ አልጎደለበትም። የጎደለው ማሰሪያው ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ጭረት ብዙ ጊዜ የማያስቸግረው። ለዚህም ነው የጥርስ ወይም የግርዘት ቁስል «ተመስገን ቆመ» ካሉ በኋላ፣ ከሰዓታት ቆይቶ፣ አንዳንዴም በማግስቱ እንደገና የሚፈሰው። ድንጋዩ ተደርድሮ ነበር፤ ጎርፉ ገፋው።

«የሱ ደም ከሌላው ሰው ፈጥኖ ይፈሳል» የሚሉ አሉ። አይደለም። አፈሳሰሱ እንደማንኛችንም ነው፤ ልዩነቱ ቶሎ አለመቆሙ ነው። ልድገመው፦ ፈጥኖ አይፈስም፤ ለረጅም ጊዜ ነው የሚፈሰው።

ደግሞ ክፉው ደም በዓይን የሚታየው አይደለም። ጉልበት ውስጥ፣ ክርን ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚት ውስጥ የሚፈሰው ነው። መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ይግላል፣ ልጁ እግሬን አትንኩኝ ይላል። ይህ በተደጋገመ ቁጥር መገጣጠሚያው እየተበላ ሄዶ ይደርቃል። ጭንቅላት ውስጥ ከፈሰሰ ደግሞ ሕይወት ይወስዳል።

[ዜማ፣ 5 ሰከንድ]

ማሰሪያው ለምን ጎደለ? ፋይብሪን ዝም ብሎ አይመጣም። ደቦ እንደሚጠራው፣ አንዱ ለአንዱ እየነገረ፣ መልእክቱ ከቤት ቤት ተላልፎ ነው ሥራው የሚጀመረው። ከመልእክተኞቹ ሁለቱ ስማቸው በቁጥር ነው፤ ፋክተር 8 እና ፋክተር 9 ይባላሉ። እነዚህ ሁለቱ ጥማድ በሬ ናቸው። በአንድ ቀንበር ይጠመዳሉ። ግራው ቢሞት ቀኙ ብቻውን አያርስም፤ ቀኙ ቢሞትም ግራው እንዲሁ።

ፋክተር 8 ከጎደለ ሄሞፊሊያ ኤ ይባላል። ፋክተር 9 ከጎደለ ሄሞፊሊያ ቢ። ከአሥር ታማሚዎች ስምንቱ ያህል የኤ ናቸው። ልጁን በማየት ብቻ መለየት አይቻልም፤ ማንኛቸውም ቢጎድል እርሻው ቆሟልና። መድኃኒት ሲመጣ ግን መለየት ግድ ነው። የሞተው ቀኙ ሆኖ ሳለ ሌላ ግራ በሬ ገዝቶ መምጣት ምን ይረባል?

አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። ሰውነት ፋክተር 8ን የሚሠራው ከተጻፈ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙ ዘረ-መል ይባላል። ፊደሎቹ አራት ብቻ ናቸው፤ በሦስት በሦስት እየተከፈሉ ይነበባሉ። የፋክተር 8 ትእዛዝ ብቻውን 186 ሺህ ያህል ፊደል ነው፤ ትልቅ ብራና በሉት። ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ይገለበጣል። ቁም ጸሐፊ ደግሞ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አንዳንዴ ይስታል። ይህን ስህተት ነው ሐኪሞች ሚውቴሽን የሚሉት።

እስቲ አብረን እንጫወት። ልጆች ካሉ ጥሩልኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፤ አራት ቃል ነው፣ እያንዳንዱ ቃል ሦስት ሦስት ፊደል። «በሬው ማሽላ በላና ጠገበ።» ሰማችሁ? በሬው፣ ማሽላ፣ በላና፣ ጠገበ።

አሁን አንድ ፊደል ልሳት። «ሬ»ን «ራ» ላድርጋት። «በራው ማሽላ በላና ጠገበ።»

[ሳቅ]

አያችሁ? በሬው ቀርቶ መላጣው ሰውዬ ማሽላውን በላ። ዓረፍተ ነገሩ ግን አልፈረሰም። አንድ ፊደል ብቻ የተለወጠበት ፋክተርም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ደካማ ቢሆንም ይሠራል። እንዲህ ያለው ልጅ ቀለል ያለ ሄሞፊሊያ ይኖረዋል፤ ጥርሱ እስኪነቀል ወይም ቀዶ ጥገና እስኪያገኘው ድረስ ላይታወቅም ይችላል። ሁሌ ግን እንዲህ አይቀልም፤ አንዲት ፊደል ቁልፍ ቦታ ላይ ከሳተች ከባድ ትሆናለች።

ሁለተኛው ስህተት፦ «በሬው ማሽላ።» አራት ነጥብ። አለቀ። ጸሐፊው መሃል ላይ አራት ነጥብ አሳረፈበት። በሬው ማሽላውን ምን አደረገው? አይታወቅም። ፋክተሩም ተቆርጦ ይቀራል፣ አይሠራም።

ሦስተኛው ይብሳል። «ሬ»ን ፈጽሜ ልዝለላት፣ ንባቡ ግን ሦስት ሦስቱን እየቆጠረ ይቀጥል። «በውማ ሽላበ ላናጠ ገበ።» ምን ማለት ነው? ምንም! አንዲት ፊደል ብትወድቅ ከእሷ ወዲህ ያለው ሁሉ ይናጋል።

አራተኛው ለፋክተር 8 የተለየ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። ብራናው ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ እንበል፤ ያው አንቀጽ ራቅ ብሎም ተደግሞ ተጽፏል። ጠራዡ ሁለቱን አመሳስሎ ያጋጥማቸውና በመካከላቸው ያሉት ቅጠሎች ተገልብጠው ይሰፋሉ። ፊደል አልጠፋም፣ አልተጨመረም፤ ግን ሲነበብ «በሬው ማሽላ» ይልና ቀጥሎ «በገጠ ናላበ» ይሆናል። የፋክተር 8 ዘረ-መልም እንዲሁ ወደ መጨረሻው አካባቢ ለሁለት ተከፍሎ ይገለበጣል። ተመራማሪዎች ይህን የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ከባድ ሄሞፊሊያ ኤ ካለባቸው ሰዎች ግማሽ ለሚጠጉት ምክንያቱ ይህ አንድ ስህተት ነው።

ይህ መገልበጥ የሚጀምረው በአብዛኛው በማን ሰውነት ውስጥ ይመስላችኋል? በእናቲቱ? አይደለም። ብዙውን ጊዜ በእናቲቱ አባት፣ በልጁ አያት ዘንድ ነው፤ የወንዱ ዘር በሚሠራበት ጊዜ። እሱ ራሱ ጤነኛ ነው። ለሴት ልጁ ያስተላልፈዋል፤ እሷም ጤነኛ መስላ ታድጋለች፤ በወንድ ልጇ ላይ ይወጣል። ከዚያ መንደሩ እሷን ይወቅሳታል። አማቷም አይቀሩ።

[ዜማ፣ 5 ሰከንድ]

ለምን በወንዶች ይብሳል? የሁለቱም ፋክተሮች ትእዛዝ የተጻፈው ክሮሞዞም ከሚባሉት የዘረ-መል ማኅደሮች በአንዱ፣ በኤክስ ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፤ አንዱ ብራና ቢሳሳት ሁለተኛው ይነበብላታል። ወንድ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ከአባቱ የሚደርሰው ወንድ የሚያደርገው ዋይ ነው። ስለዚህ ያ አንዱ ብራና ከተሳሳተ መጠባበቂያ የለውም።

ስህተቱን የተሸከመች እናት ስታረግዝ ነገሩ ዘውድና ጎፈር ነው። ወንድ ከሆነ ግማሽ በግማሽ ዕድል ይታመማል፤ ሴት ከሆነች ግማሽ በግማሽ ዕድል እሷም ተሸካሚ ትሆናለች። «የመጀመሪያው ታሟል፣ ሁለተኛው ይተርፋል» የሚባል ነገር የለም፤ ሳንቲሙ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነው የሚወረወረው።

አባት ታማሚ ከሆነስ? ወንዶች ልጆቹ ከእሱ አይወርሱትም። ሴቶች ልጆቹ ግን ሁሉም ተሸካሚዎች ናቸው። ለዚህ ነው በሽታው አንድ ትውልድ ዘሎ በልጅ ልጅ ላይ ብቅ የሚለው።

አንድ ሽማግሌ እዚህ ላይ «እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የተጋባነው፣ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ አባባ። ሰባት ቤት መቁጠር የሚጠቅመው ስህተቱ ከእናትም ከአባትም ሲገናኝ ለሚወጣ በሽታ ነው። ይህኛው መገናኘት አያሻውም፤ በእናት በኩል ብቻውን ይመጣል። ደግሞም ከሦስት ታማሚዎች በአንዱ ቤተሰብ ከዚያ በፊት ጨርሶ አልታየም። ስህተቱ አዲስ ነው።

ሴቶችም ሙሉ በሙሉ አይተርፉም። አንዳንድ ተሸካሚዎች የወር አበባቸው ይበዛል፣ ከወሊድ በኋላ ደማቸው ይበረታል። «የኔ ተፈጥሮ ነው» ብላችሁ ዝም አትበሉ፣ እህቶቼ።

ቤተ መንግሥትም ቢሆን ከዚህ አልዳነም። አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ደብዳቤ የጻፉላትን የእንግሊዟን ንግሥት ቪክቶሪያን ታስታውሳላችሁ። ልጇ ልዑል ሊዮፖልድ ሄሞፊሊያ ነበረበት፤ በ30 ዓመቱ ወድቆ ከደረሰበት ጉዳት በኋላ ሞተ። በሴቶች ልጆቿ በኩል በሽታው ወደ ጀርመን፣ ወደ ስፔንና ወደ ሩሲያ ቤተ መንግሥት ገባ። ከእሷ በፊት በዘመዶቿ አልታየም፤ በተወለደች ጊዜ አባቷ 51 ዓመታቸው ነበር፣ ስህተቱ ከእሳቸው ሳይጀምር እንዳልቀረ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ተመራማሪዎች ከተገደለው የሩሲያ ንጉሣዊ ቤተሰብ አፅም ዘረ-መሉን አንብበው ስህተቱን አገኙት፦ የፋክተር 9 ዘረ-መል ላይ ያለች አንዲት ፊደል። ሦስት ቤተ መንግሥት ያስለቀሰች አንዲት ፊደል!

[ዜማ፣ 5 ሰከንድ]

ወደ ቆቦ እንመለስ። በሽታው ቀለም አይለይም፣ ደጋና ቆላ አይለይም። ከ100 ሺህ ወንዶች ቢያንስ 20ዎቹ ይዘውት ይወለዳሉ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የራያ ቆቦ ወረዳ ሕዝብ ከ220 ሺህ በላይ ነበር፣ ግማሹ ወንድ። አስሉት እስቲ። ከ20 ያላነሱ ልጆችና ጎልማሶች በዚህ ወረዳ ብቻ ሊኖሩ ይገባል።

የት አሉ?

[አጭር ዝምታ]

የኔን ግምት ልንገራችሁ። አንዳንዶቹ ሲገረዙ ሞተዋል። አንዳንዶቹ ከዛፍ ወይም ከበቅሎ ወድቀው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ማታ ራስ ምታት ብለው ተኝተው ሳይነሡ ቀርተዋል። አንዳንዶቹ ዛሬ «አንካሳው» እየተባሉ ይጠራሉ። ጥቂቶቹ ደግሞ ሲያነክሱ ወጌሻ ዘንድ ተወስደው ሲታሹ ብሶባቸዋል።

ስለ ወጌሻ ሳነሳ የሚቀየሙኝ ይኖራሉ። ወጌሻ ውልቃት ሲመልስ እሰየው። ደም የሞላ ጉልበት ሲታሽ ግን መድማቱ ይቀጥላል። ዋግምትም እንዲሁ፤ ደም የማይረጋለትን ልጅ በስለት ነክቶ ደም መሳብ ምን እንደሚያደርገው አሁን ታውቃላችሁ። እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ በጉጠት ማውጣት፣ እነዚህ ለጤነኛውም አይበጁ፣ ለዚህ ልጅ ደግሞ ሞት ናቸው።

ታዲያ ጉልበቱ ካበጠ ምን እናድርግ? አሳርፉት። እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አድርጉለት። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ፣ ለስላሳ ከሚያቀዘቅዘው ሱቅ በረዶ ከተገኘም በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙበት። በፋሻ ደግፉት፤ አታጥብቁበት። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። ጭንቅላቱን ከተመታ ግን ደም ባይታይም ዛሬውኑ ይሂድ፤ ለነገ አይባልም።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ አይሰጠው፤ እነዚህ ድንጋዮቹንም ያዳክማሉ። ማሰሪያ የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ምን ቀረ? ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌም እንዲቀር ለባለሙያው ንገሩ። ክትባት ግን አይቅርበት! በቀጭን መርፌ ይሰጠው፣ ቦታውም ለ10 ደቂቃ ተጭኖ ይያዝ።

ግርዘት ላይ ልምጣ፤ ክርስቲያኑም በ8ኛው ቀን፣ ሙስሊሙም በየጊዜው የሚያደርገው ነው። ጥንቃቄው ከእምነት ጋር አይጣላም። ከ1,800 ዓመት በፊት የነበሩ የአይሁድ ሊቃውንት ሁለት ወንድሞቹ ተገርዘው በደም የሞቱበት ሦስተኛ ልጅ እንዳይገረዝ ፈርደዋል። ከ1,000 ዓመት ገደማ በፊት የአንዳሉሱ ሙስሊም ሐኪም አል-ዘህራዊ፣ ወንዶቹ በትንሽ ቁስል ደማቸው ፈሶ ስለሚሞቱባት መንደር ጽፏል። ማይክሮስኮፕ ሳይኖር፣ ዘረ-መል ሳይታወቅ፣ አስተውለው ነው የደረሱበት።

[ዜማ፣ 5 ሰከንድ]

መድኃኒት አለው? የሚነቅለው በአገራችን የለም፤ የሚያኖረው አለ። የጎደለው ፋክተር በዱቄት መልክ ተዘጋጅቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ በደም ሥር ይሰጣል። የጠፋውን በሬ መተካት ነው። ዋጋው በቤተሰብ አቅም የሚታሰብ አይደለም፤ አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሰጠው በአብዛኛው በዓለም የሄሞፊሊያ ፌዴሬሽን ልገሳ የመጣ ነው። ይህ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋቋመ፤ የሄሞፊሊያ ቀንም በየዓመቱ ሚያዝያ 9 ይከበራል። በአገራችንም የታማሚዎችና የቤተሰቦቻቸው ማኅበር አለ።

ከቆቦ አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጉልበቱ ያበጠ ልጅ አዝሎ ያንን መንገድ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ስለዚህ ቅርብ ያለውን እንወቅ፦ ፋክተር በማይገኝበት ጊዜ ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ ፕላዝማ ለጊዜው ሊያተርፍ ይችላል። ደሴ ላይ ደም ስትለግሱ ለእንዲህ ያለው ልጅም እየለገሳችሁ ነው።

አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልጨምር። ጣሊያን አገር ፓዱዋ ውስጥ ፋክተር 9ኙ ከሌላው ሰው ስምንት እጥፍ የሚሠራ ወጣት ተገኘ። የሱም ሚውቴሽን ነበር፤ አንዲት ፊደል። በሱ ላይ ደሙ ከልክ በላይ እየረጋ ያስቸግረው ነበር። ሳይንቲስቶች ያቺን የሱን ስህተት ወስደው ለሄሞፊሊያ ቢ ሕክምና አደረጓት፤ ያቺ ፊደል ያለችበት ትእዛዝ ወደ ጉበት ይገባና ሰውነት ፋክተሩን ራሱ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ያኔ ዋጋው ሦስት ሚሊዮን ተኩል ዶላር ነበር! በዚያ ገንዘብ የራያን ሜዳ ሁሉ በሬ ባለበስነው።

[ዜማ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ከንግግሩ ሥር ይቆያል]

ለዛሬ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ። ቤታችሁ ያልተገረዘ ወንድ ሕፃን ካለ፣ ወይም እርጉዝ ካለች፣ ዛሬ ማታ ከእናቲቱ እናት፣ ከአያቲቱ አጠገብ ተቀመጡ። ከአባት ወገን ሳይሆን ከእናት ወገን፤ ይህን አትርሱ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እንዲህ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ «እማማ፣ ወንድሞችዎ ስንት ነበሩ? ያረፉትስ በምን አረፉ? የእህቶችዎ ወንዶች ልጆችስ?»

«ደም ፈሶት» ካሉ ግርዘቱን አቆዩትና ልጁን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ለሐኪሙ ያሉትን እንዳለ ንገሩት፦ ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን ሰበብ። የደም መርጊያ ምርመራ እንዲታዘዝ ጠይቁ፤ እዚያ ካልተገኘ ወልድያ ወይም ደሴ እንዲጽፍላችሁ።

እማማም ስማቸውን እየጠሩ ይቆጥሩላችኋል። አትቸኩሉባቸው።

[ዜማ ከፍ ይላል፣ ዝግጅቱ ይዘጋል]